የእጅ ፍሬኑና የባሌ አንዲት ቃል

ባሌ ከታመመ ወዲህ የቀረችለት ቃል አንዲት ነበረች፤ «ያዘው»። ውሃ ሲጠማው «ያዘው»፣ ሲርበው «ያዘው»፣ ሽንቱ ሲመጣ «ያዘው»፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ደስ ብሎት «ያዘው!»። ሐኪሙ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ንግግሩን ወስዶበታል፤ የሚሰማውን ግን ሁሉንም ይረዳል፣ ፊቱ ስታወሩ እንዳትሳሳቱ» ብሎናል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩም አብረው ሄዱ። ከስንቱ ቃል መካከል ለምን ይህቺ ብቻ ተረፈች ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በዕድሜው ከሁሉም አብልጦ የጮኸው እሷን ስለነበረ ነው።

ሹፌር ነበር። አሮጌ ነጭ ፒክአፕ አለን። እሱ ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ እየጫነ ቡታጅራ ያመጣል፣ እኔ ተቀብዬ እሸጣለሁ። የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር ግን ይንቃል። «የፈሪ ነው» ይላል። ዳገት ላይ ሲቆም ማርሽ ያስገባል፣ አንገቱን በመስኮት ያወጣና የሚያልፈውን ሰው ማንም ይሁን ማን «አንተ! ድንጋይ! ያዘው!» ብሎ ይጮኽበታል። ሰውየውም ሸክሙን ጥሎ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር ይወትፋል። አንድ ጊዜ ወደ መስጊድ የሚሄዱ ትልቅ ሰው ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ከጭቃ ውስጥ ድንጋይ አስነስቷቸዋል። እሳቸውም አነሱ። ድምፁ እንደዚያ ነበር፣ ሰው ሳያስብ ይታዘዘው ነበር።

ደግ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የፈቀደልኝ ለኔ አስቦ መሰላችሁ? እሱ ተኝቶ እኔ የምነዳበት ቀን እንዲኖር ፈልጎ ነው። ያስተማረኝ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ነው፤ ቤታችን ከከተማው ወደ ተራራው በኩል ስለሆነ መንገዱ ዳገት ነው። ለኢድ የገዛሁትን አዲስ ጫማ ከኋላ ጎማው ጀርባ አስቀመጠና «ከተንሸራተትሽ ጫማሽን አጣሽ» አለኝ። ደንግጬ የእጅ ፍሬኑን ብስበው ምንም አልያዘ። ጫማዬ ተጨፈለቀ። እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ሰደብኩት፣ ከዚያ እንደገና ሞከርኩ። እንግዲህ ትዳራችን ይህን ይመስል ነበር።

ታሞ ከሆስፒታል እንደወጣ ታላቅ ወንድሙ ሊጠይቀው መጣ። ወንድሙ ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው፤ በሱ ቤት ሲያስነጥስ እንኳ ሰው ይነሳለታል። አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ገባ። ወንድሙን «አፊያ ነህ?» አለና ከአልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ቁጭ ብሎ ተነሳ፤ መኪናውን ግን ዙሪያውን እየዞረ ብዙ ቆየበት። በሩን ከፍቶ ገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ዘንጉ ቀጭ ቀጭ እያለ ያለ ምንም ክብደት እስከ ጣራው ድረስ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ይሄ ፍሬን የለውም» አለኝ። «ሴት እጅ ላይ ይበሰብሳል። ወልቂጤ ወስጄ አሠራዋለሁ።»

«ወስጄ» የምትለዋን ሰማኋት። «መልሼ አመጣዋለሁ» የምትለዋን ጠበቅኩ፤ አልመጣችም።

«ጋሼ፣ መኪናው አይሄድም» አልኩት።

«ማን ሊነዳው?»

«እኔ።»

ሳቀ። ባሌን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ነው የሳቀው። «አንቺ ደግሞ! በርበሬ መሸጥና መኪና መያዝ አንድ መሰለሽ?» ብሎ ሄደ።

ሲመለስ ሽማግሌ ይዞ ነው የመጣው። የአባታቸው ወዳጆች ነበሩ፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለሁለታችንም ጆሮ ሰጡ። እኔ «ያለዚህ መኪና ከእንሴኖ በርበሬ አላመጣም፤ በርበሬ ካላመጣሁ የልጆቼ ጉሮሮ ይዘጋል፣ የዚህ ሰው መድኃኒት ይቋረጣል» አልኩ። እሱ «ሰው ገድላ ነው የምታርፈው፣ መኪናው የእጅ ፍሬን የለውም፣ ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም» አለ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና «ምርመራው ይፍረድ» አሉ። «ካለፈ እሷ ዘንድ ይቆይ። ካላለፈ ታላቅ ወንድም ይውሰደው።» ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ፈገግ አለ። ያልፋል ብሎ ያሰበ ሰው እንደዚያ አይስቅም።

መጀመሪያ ጋራዥ ሄድኩ። ለካ ባሌ ያልተጣላው መካኒክ ቡታጅራ ውስጥ የለም! አንዱን «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ» ብሎታል፣ የአንዱን መፍቻ መንገድ ላይ ወርውሮበታል፣ ሌላውን በሰው ፊት በጥፊ መትቶታል። የመጨረሻው መካኒክ መኪናውን ሲያይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና «ሞተ እንዴ?» አለኝ። «አልሞተም» አልኩት። «እንግዲያስ ራሱ ይሥራው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ባሌንም በዚያች ሰዓት አንቄ ልገድለው ፈልጌ ነበር።

ቤት ገብቼ አልጋው ላይ እንዳለ ጮኽኩበት። «በዚህ ከተማ አንድ ወዳጅ አታስተርፍም? አንድ እንኳ?»

«ያዘው» አለኝ፣ በቀስታ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ፍሬን ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩና ጀመርኩ። አንዱን የባሌን አሮጌ ሱሪ ለብሼ ነበር። ጎረቤቶቼ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩኝ ይንሾካሾካሉ። ይንሾካሾኩ! ከነሱ አንዷም ለልጆቼ ቁርስ አላመጣችም።

ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ «ዘንጉ ከመጠን በላይ የሚወጣ ከሆነ ካቦው ረግቧል» አለ። ካቦው ከዘንጉ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የብረት ገመድ ነው። ቀላል መሰለኝ። ከዘንጉ ሥር ያለችውን ማጥበቂያ ዳዶ አገኘኋትና እጄ እስኪዝል አጠበቅኳት። ዘንጉን ስስበው ከባድ ሆነ፤ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። እሰይ! አልኩ። ዳገቱ ላይ አወጣሁት፣ ያዘ። ኩራቴ ሌላ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ድረስ ነድቼ ደረስኩ፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ጡሩንባ ነፋሁ።

ግቢ ስመለስ ባሌ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ያዘው! ያዘው! ያዘው!» ይላል፣ ግራ እጁን እያወናጨፈ። እኔ ሻይ የፈለገ መስሎኝ «ቆይ ላፍላልህ፣ ምን ያስጮህሃል?» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሻዩን ይዤ ስወጣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቀኝ የኋላ ጎማ ይጨሳል። ባሌ እንደዚያ የሚጮኸው ለካስ ሻይ አምሮት አልነበረም፤ ጎማውን ፍሬኑ ያዘው፣ አለቀቀውም ማለቱ ነበር። ቃሏ ያን ቀን ልክ ቦታዋ ላይ ውላ እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ሻዩን ራሴ ጠጣሁት። እሱ አየኝና በደህናው የአፉ ጎን ሳቀብኝ። ዲዳ ሆኖ እንኳ በኔ መሳቁን አልተወም።

ከዚያ በኋላ ተረጋግቼ ሠራሁ። የፊት ጎማዎቹን ፊትና ኋላ በድንጋይ አስያዝኩ፣ ማርሹን ዜሮ አደረግኩ፣ ኋላውን በክሪክ አነሳሁና ክሪኩን ስላላመንኩት ወፍራም ግንድ ከሥሩ ደገፍኩበት። ዳዶዋን መልሼ አላላኋት። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ስቤ ጎማዎቹን በየተራ በእጄ አሽከረከርኩ። ቀኙ ከበድ ብሎ ይቆማል። ግራው እንደ ልቡ ይዞራል። ዘንጉን ጨምሬ ሳብኩ፤ ቀኙ ደርቆ ቀረ፣ ግራው አሁንም ይዞራል። ያኔ ገባኝ። ሁለት የሚሠሩትን ሥራ አንዱ ብቻውን ተሸክሞት፣ እኔም ሄጄ እሱኑ ነው ያጠበቅኩት። በሽታው ግራው ላይ ነው።

በጀርባዬ ከሥሩ ገባሁ። የግራው ካቦ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ከሽፋኑ ጋር አንድ ሆኗል። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፣ በመዶሻ እጀታ መታሁት፣ በፒንሳ ጎተትኩት። ዓይኔ ውስጥ ዝገት ገባ። ባሌ «የፈሪ ነው» እያለ ስንት ዓመት ሳይነካው ስለቀረ በዝናብና በጭቃ የተገነዘ ብረት ነው። ያልተሳበ ካቦ ይሞታል። ይህን ከሥር ሆኜ ጮኼ ነገርኩት፤ ከነስድቡ። እሱም ከወንበሩ መለሰልኝ፤ ቃሏ አንድ ብትሆንም ስድብ መሆኗን በድምፁ አውቄአለሁ። እንዲህ ስንሰዳደብ ዋልን። ከታመመ ወዲህ ከሱ ጋር ያወራሁበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር ማለት እችላለሁ።

ካቦው ሲወጣ ክሩ ግማሹ ተበጣጥሶ አገኘሁት፤ መለዋወጫ ቤት ሄጄ አዲስ አመጣሁ። ከዚያ ግራውን ጎማ አወጣሁና ታምቡሩ ጋ ደረስኩ፤ ከጎማው ጀርባ ያለው፣ የፍሬኑን ሸራ የሚሸፍነው ክብ ብረት ነው። አልወጣ አለ። መታሁት፣ ረገጥኩት፣ «ውጣ አንተ ውሻ!» አልኩት። ባሌ ከጀርባዬ «ያዘው» አለ፤ ዞር ስል በግራ ጣቱ ከታምቡሩ ጀርባ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ያሳየኛል። በዚያች ቀዳዳ ካቻቢቴ ሰድጄ ውስጥ ያለችውን ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ወደ ኋላ ባዞራት ሸራዎቹ ተሰበሰቡ፣ ታምቡሩም ወጣ። ውስጡ ጥቁር አቧራ ብቻ ነው። ሸራዎቹ አልቀው እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ። እንኳን መኪና ጋሪም አያቆሙ።

አዲስ ሸራ አሰርኩ። ሞላዎቹን የፈጠረ ሰው ልጅ አይውጣለት! አንዱን ስገጥም ሌላው ይፈናጠራል። አንዱ ጉንጬን ቀዶታል፣ ምልክቱ ዛሬም አለ።

ግራውን ገጥሜ አዲሱን ካቦ ለማሰር ከሥሩ በተኛሁበት ሰዓት ነው ዋርሳዬ የመጣው። የበሩን ድምፅ አልሰማሁም። ያየሁት ጫማውን ነው፤ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ ከፊቴ አጠገብ።

«ወይ ጉድ! የወንድሜ ሚስት ሱሪ ለብሳ መኪና ሥር ተኝታለች!» አለ። ከዚያ እጁን የመኪናው ጎን ላይ አሳረፈ። መኪናው ተወዛወዘ። «ክሪኩ ይይዛል ብለሽ ነው?» አለና እንደገና ገፋ አደረገው። ለጨዋታ ያህል። ብረቱ ከደረቴ በላይ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት።

«ያዘው!!»

ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። ድሮ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚጮኸው ያው ድምፅ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ተበተኑ። ዋርሳዬ እጁን ከመኪናው ላይ አነሳ። ወንድሙ ከወንበሩ መሬት ላይ ተደፍቶ በግራ ክንዱ ወደኛ እየተሳበ ነበር። ወጣሁና በእጄ የነበረውን መፍቻ ወረወርኩት፣ ሳትኩት። «ውጣ ከቤቴ!» አልኩ። ጋሼም እርስዎም ጠፋኝ። እሱ ሱሪውን አራገፈና «ስቀልድ ነው፣ ምን ሆናችኋል» ብሎ ወጣ። ባሌን ከመሬት አንስቼ ወንበሩ ላይ መለስኩት።

ይህን ልብ በሉልኝ። ያን ቀን ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ዋርሳዬ ከማንም በላይ አውቋል። «እሺ» ማለት እንዳልሆነች በገዛ ጆሮው ሰምቷል።

ሥራውን ጨረስኩት። ቀኙንም ከፈትኩ፣ ሸራውን ቀየርኩ። ማስተካከያዋን ጎማው ሲዞር ጥቂት ሻካራ ድምፅ እስኪያሰማ አጠብቄ አንድ ጥርስ መለስኩ። በመጨረሻ ነው ወደ ዘንጉ ዳዶ የሄድኩት፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚያ ስለነበረ እጄ እየፈራ ነው የነካት። ዘንጉን ስስበው ጥቂት ቀጭ ቀጭ ብሎ ጥብቅ አለ። ሁለቱም ጎማዎች ቆሙ። ስለቀው ሁለቱም ዞሩ።

ለምርመራ ሄድኩ። መርማሪው ትንሿ ዳገት ላይ አወጣው፣ ማርሹን ዜሮ አደረገ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። እኔ ዱዓ እያደረግኩ ጎማውን ብቻ ነው የማየው። አልተነቃነቀም። ሰውየው በመስኮት ብቅ ብሎ «ማን ሠራው?» አለኝ። «ባሌ» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። ቦሎውን አስለጥፌ ስመለስ እልል ልል አማረኝ፤ ለባሌ በመስታወቱ ላይ አሳየሁት። በግራ ጣቱ ዳሰሰውና «ያዘው» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። በትዳራችን ከሱ አፍ ከሰማሁት ሁሉ ለምስጋና የቀረበው እሱ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዋርሳዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ምሳ ሠርቼ ነበር የጠበቅኳቸው፤ ሞኝት! በሉ፣ ታጠቡ፣ ባሌን መሃላቸው አስቀመጡት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በጉራግኛ ነው የተወራው፤ የሰፈር ወሬ፣ የዝናብ ወሬ፣ የሞተ ዘመድ ወሬ። ከዚያ ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምርመራው አልፏል፣ ማሻአላህ» አለ። «ነገር ግን የመኪናው ባለቤት በሕይወት አለ። እሱ ሳይጠየቅ በሱ ንብረት ላይ እኔም እሷም ምን አገባን? ይጠየቅ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትክክለኛ ነገር ይመስላል። እሱ ወደ ወንድሙ ዞረ፣ እጁን ትከሻው ላይ አኖረ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ ቀየረ። «ወንድሜ፣ መኪናውን ልውሰደው?»

«ያዘው» አለ ባሌ።

በእናታቸው ቋንቋ ቢጠይቀው ኖሮ ያቺ ቃል ለማንም መልስ አትሆንም ነበር። በአማርኛ ስለጠየቀው ግን ጆሮ ላለው ሁሉ «እሺ፣ ውሰደው፣ ያንተ ይሁን» ሆና አረፈች። ምን ያህል ሌሊት አስቦበት ይሆን?

«ሰማችሁ» አለ ዋርሳዬ። ታላቁ ሽማግሌ «ሰማን፤ ባለቤቱ ተናገረ» አሉና ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሌሎቹም ዘረጉ። ዱዓ ከተደረገ አለቀ፤ እኛ ዘንድ በዱዓ የታሰረ ነገር አይፈታም።

«ቆዩ አባቶቼ!» አልኩ። ሴት ዱዓ ስታቋርጥ አይተው አያውቁም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይህ ሰው ከዚህች ቃል ሌላ የለውም። ደግሞስ በአማርኛ ሲያወሩ ታላቅ ወንድሙን አንተ ብሎት ያውቃል? ‹ይያዙት› ነው የሚለው። ይህ መልስ አይደለም!»

«በሽታ አንቱታን ያስረሳል» አለ ዋርሳዬ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ አሉ። «ሰው የሚጠቅመውን ነገር በአንዲት ቃልም ይናገራል» አሉኝ፣ እንደ ልጅ ሊያባብሉኝ።

ከባሌ ፊት ተንበረከክኩ። «ይህን ቤት አቃጥለን እንሂድ?» አልኩት፣ እኔም በአማርኛ።

«ያዘው።»

«ልጆችህን ለመንገደኛ ልስጣቸው?»

«ያዘው» አለ፣ ግራ ገብቶት። ዋርሳዬ «በታመመ ሰው ትቀልዳለች» አለ፤ ሽማግሌዎቹም ወደሱ ያዘነበሉ መሰለኝ። ሴት ቀልዳለች ብለው እጃቸውን እንደገና ሊዘረጉ ነው። ቀልድ ሊሉት የማይችሉት ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። ባሌ ሁሉን እንደሚረዳ አውቃለሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል፣ እኔም በየቀኑ ከዓይኑ አይቻለሁ። እያወቅኩ ጠየቅኩት።

«የልጆቼ አባት፣ አሁን የዐስር ሶላት ሳይሰገድ እንቅበርህ? ጉድጓዱን ይቆፍሩልህ?»

አየኝ። ዓይኑ ከዓይኔ አልተነቀለም። አፉ ተከፍቶ ተዘጋ። ዝም ካለ መኪናው ሄደ፤ ዝም ካለ የቀደመውን «ያዘው» አስቦ ነው የመለሰው ይላሉ። «መልስልኝ እንጂ!» ብዬ ጉልበቱን ነቀነቅኩት። «ይቅበሩህ? አፈር ያልብሱህ?» ከኋላዬ አንዱ «ተይ፣ አላህን ፍሪ» አለ። አልተውኩም።

«ያዘው» አለ።

በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ሁሉም ግን ሰሙ። ከደህናው ዓይኑ እንባ ወረደ፣ በግራ እጁ ሊጠርገው ሞከረና ተወው። ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ፣ «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ዱዓው አልተደረገም። ጫማቸውን አጥልቀው አንድ በአንድ ወጡ። ዋርሳዬ በሩ ላይ ዞር ብሎ «አንቺ ሰው አይደለሽም» አለኝ። «መኪናው ግን አይሄድም» አልኩት።

አልሄደም። ይኸው በሱ እየሠራሁ ነው፤ ልጆቼ ይማራሉ፣ መድኃኒቱ አልተቋረጠም። ክፉ ነች የሚለኝ ሰው ካለ በርበሬውን ይሸከምልኝና ከዚያ ይበለኝ። ነገም ቢመጡብኝ ያንኑ እጠይቀዋለሁ።

ብቻ ባሌ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ሲጠማው የአልጋውን ብረት በጣቱ ይመታል። ሐኪሙ «በሽታው አልባሰም፣ ምላሱም ደህና ነው፣ ምን ገጠመው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ጠዋት ጠዋት ወደ እንሴኖ ከመውጣቴ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና «እስኪ አንዴ ያዘው በለኝ» እለዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።